ቧንቧ አድማጩ

አንድ ሰው ኖረ ስንል ምን ማለታችን ነው? ቤት የሠራ ቤቱ ይቀራል። ያስተማረ ተማሪው ይቀራል። ሌላው ቢቀር ተጣልቶ የኖረ ሰው እንኳ ጠላቱ ይቀርለታል። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር እንዳይሆን ሲከላከል የኖረ ሰውስ? እንዳይፈስ፣ እንዳይሰምጥ፣ እንዳይናድ ሲደክም የኖረ? ያልፈሰሰ ውሃ የት ይታያል? ያልተናደ ግድግዳ አጠገብ ቆሞ «ጎበዝ፣ አልተናደም እኮ!» ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ በማስተምርበት ዘመን ይህን ጥያቄ ተማሪ ቢያነሳብኝ በሁለት ሰዓት ንግግር ቀብሬው እወጣ ነበር። አሁን ንግግሩ አልቆብኝ ጥያቄው ብቻ ቀርቷል። ስቀመጥ ያስነሳኛል፣ ስነሳ መልሶ ያስቀምጠኛል።

የማወራው ስለ እህቴ ባል ነው። በውሃ መሥሪያ ቤቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ «ጆሮ» ነው። ሥራው ከመሬት በታች የሚያፈሱ ቧንቧዎችን በጆሮው ማግኘት ነበር። ገና ሲነጋ፣ መኪና ሳይበዛ፣ እስከ ደረቱ የሚደርስ የብረት ዘንግ ይዞ ይወጣል። የዘንጉን አንድ ጫፍ መንገድ ዳር ባለው የቧንቧ መዝጊያ ላይ ያሳርፋል፤ በሌላው ጫፍ የተገጠመችውን የጎደጎደች እንጨት ከጆሮው ኋላ ካለው አጥንት ያስጠጋል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ይይዛል። ጤነኛ ቧንቧ ዝም ይላል። የሚያፈስ ቧንቧ ግን አፍ አለው፤ አንዱ እንደሚጠበስ ነገር ይንጨረጨራል፣ አንዱ ያጉረመርማል፣ አንዱ ደግሞ ጥርሱን ነክሶ እንደሚያለቅስ ሰው ያፏጫል። ጆሮ ቀና ብሎ በነጭ ኖራ አስፋልቱ ላይ ክብ ያሰምርና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ቆፋሪዎቹ ኋላ ይመጣሉ። ከአሥር ክብ ዘጠኙ ውሃ ይገኝበታል።

አሥረኛው ላይ የደረሰበትን ባልደረቦቹ እስኪሞት ድረስ አልተዉለትም። አንድ ጊዜ ሥጋ ቤት በር ላይ ክብ አሰምሮ ሄደ። አራት ሰው ሁለት ቀን ቆፈረ። ቧንቧው ከዳር እስከ ዳር ድርቅ ያለ ጤነኛ ነው። ለካ ሲያጉረመርም የነበረው የሥጋ ቤቱ ማቀዝቀዣ ኖሯል! ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ሲገባ አንዱ ካልጮኸ አይሆንም፦ «ጆሮ! እስቲ ሆዴን ስማልኝ፣ እያፈሰ ነው ወይስ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነው?» እሱም መልስ አያጣም፤ «ያንተን ሆድ ለመስማት ዘንግ አያስፈልግም፣ ከበር ይሰማል» ብሎ ያልፋል።

መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቅም። በቀን አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ይራመዳል፤ ቤት ሲገባም ቆሞ ይበላል፣ ቆሞ ይጠጣል፣ ሬዲዮ ሲያዳምጥ እንኳ ጠረጴዛውን እየዞረ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ወንበሩ ይነክስሃል?» ትለዋለች እህቴ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው እጅ ጽሑፍ ስትተይብ የኖረች ሴት ናት፤ ዓይኗም ምላሷም ስህተት አያሳልፍም።

«ቁጭ ካልኩ ይሰማኛል፣ እሜቴ።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። የጎረቤቱ መጸዳጃ፣ የላይኛው ፎቅ ገንዳ፣ ያንቺ ልብ።»

«የኔን ልብ መቼ ሰምተኸው ታውቃለህ!» ትላለች። ይስቃል፤ ጠረጴዛውን አንዴ ይዞራል።

ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ላይ በቀኝ ጎድኑ ሥር አንዳች ነገር ይከብደው ጀመር። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገባ። እሱ «ዳገት በዝቶብኝ ነው» አለ፤ እህቴ ግን በዚያ ሁሉ ዓመት አይቶባት የማያውቀውን ነገር አደረገች፣ አልተከራከረችውም። ጫማዋን አደረገችና ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች። እኔም ተከተልኩ። ሽማግሌ መሆን ጥቂት ጥቅም አለው፤ የሰው ጉዳይ ውስጥ ሲገባ «አንተ ምን አገባህ?» የሚለው የለም።

የሐኪሟ ክፍል ጠባብ ነው። ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ብርሃን የሚበራበት ሰሌዳ፣ ጥግ ላይ ደግሞ እጅ መታጠቢያ። ሐኪሟ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ይዛዋለች፤ ስትናገር አትሸፋፍንም። የተነሳውን የሆዱን ፎቶ ሰቅላ፣ ጉበቱ ውስጥ የጡጫ ያህል እጢ እንዳለ፣ እጢው ትልቁን የደም መልስ ተደግፎ እንደተቀመጠ፣ ስለዚህም በቢላ ማውጣት እንደማይቻል ነገረችን። እህቴ ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘች። ጆሮ ግን ብድግ ብሎ ወደ መታጠቢያው ሄደ።

«ምን ሆኑ?» አለች ሐኪሟ።

«ይንጠባጠባል» አለ። ቧንቧውን ጠበቅ፣ ላላ፣ እንደገና ጠበቅ አደረገው። «ውስጡ ያለው ጎማ አልቋል፣ ዶክተር። ሰው ላኪ። ወይ እኔ ነገ ይዤ እመጣለሁ።»

«ይቀመጡ።»

«እየሰማሁሽ ነው።»

ቆሞ ሰማ። ከውጭ የሚመታ ጨረር ጤነኛውን ጉበት አብሮ እንደሚጎዳ፣ ስለዚህ ጨረሩን ከውስጥ፣ እጢው ያለበት ድረስ ወስዶ ማድረስ እንደሚሻል ስትነግረው ፊቱ አልተለወጠም። ወረቀት ስባ መሳል ስትጀምር ግን ጠጋ አለ።

«ጉበት ደም የሚያገኘው በሁለት መስመር ነው» አለች። «ጤነኛው ክፍል አብዛኛውን የሚጠጣው ከአንጀት ከሚመጣው ከዚህኛው ነው። እጢው ደግሞ ከዚህኛው ከደም ቅዳው ነው የሚጠጣው።»

«ቆይ፣ ቆይ። ሁለት መስመር?»

«ሁለት።»

«ታዲያ እንዲህ አትይኝም! ይሄ ሕገ ወጥ ቅጥያ ነዋ። ከዋናው መስመር በስውር ቀጥሎ የሚጠጣ ሌባ።»

ሐኪሟ ሳቀች። «እንደዚያ ይበሉት።»

«እኔ እንዲህ ያለውን ስንቱን አስቆርጬ መሰለሽ!»

የዚያን ቀን ዓይኑ ሲበራ ያየሁት ያኔ ነው። እርሳሱን ከእጇ ተቀብሎ መስመሩን ራሱ ቀጠለው። በብሽሽቱ በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ፣ ደም ቅዳውን ይዞ፣ እስከዚያ ቅጥያ ድረስ እንደሚሄድ፣ እዚያም ከፀጉር ውፍረት ያነሱ ሚሊዮን ዶቃዎች እንደሚለቀቁ፣ እያንዳንዱ ዶቃ ጨረር እንደያዘ፣ ጨረሩ ከጥቂት ሚሊ ሜትር እንደማይርቅ፣ በሁለት ሳምንት ያህል ኃይሉ እንደሚያልቅና ዶቃው እዚያው እንደሚቀር አስረዳችው። እሱ በየመሀሉ «እሺ… እሺ… ጥሩ ሥራ ነው» ይላል፤ የአዲስ ሠራተኛ ሥራ እንደሚገመግም።

«ይነቅለዋል?» አለች እህቴ።

«መንቀል አልልም። ማዳከም ነው። ከቀናን ዓመታት ይሰጠናል። ካልቀናን ወራት።» ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። «መጀመሪያ ግን ሙከራ አለ። ዶቃዎቹን የሚመስል፣ የማይጎዳ ነገር እንለቅና ስንቱ እጢው ውስጥ እንደቀረ፣ ስንቱ ሾልኮ ሳንባ እንደደረሰ በካሜራ እናያለን።»

«ሾልኮ?»

«አንዳንድ እጢ ያፈሳል።»

ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ያቺ ቃል ዋጠችው። ጆሮ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠ።

«ስንት ድረስ ይፈቀዳል?»

«ከመቶ ሃያ ካለፈ አልሰጥም። ጉበትዎን አድናለሁ ብዬ ሳንባዎን አላቃጥልም። ያኔ ሌላ መንገድ እንሞክራለን፣ በመርፌ ከውጭ እየገባን…»

ስለ መርፌው ብዙ ተናገረች። እህቴ ጻፈችው። እሱ አልሰማም። ስለሚያፈስ ነገር እየተወራ ጆሮን ሌላ ወሬ ማሰማት አይቻልም። እስከ ሙከራው ቀን አሥር ቀን ነበረን።

በእነዚያ አሥር ቀናት ሰውየው እሳት ላይ እንደተጣደ ሆነ። ከሥራ ፈቃድ ወስዷል፤ ግን ማለዳ ይወጣል፣ ከሰፈሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። ምሽት ላይ እኔ ቤት ይመጣና መጽሐፍ መደርደሪያዬ ፊት ይመላለሳል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላውን ሲሰማ ኖሮ የራሱ መፍሰስ አለመፍሰሱን ማወቅ አለመቻሉ አንጀቱን ይበላው ነበር። አንድ ቀን መስኮቱ አጠገብ ቆሞ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኛ መሥሪያ ቤት መስመሩ ሲያረጅና ማፍሰሱ ሲበዛ፣ ለመቀየር ገንዘብ ከሌለ ምን እናደርጋለን?»

«ምን ታደርጋላችሁ?»

«ግፊቱን እንቀንሳለን። ቀዳዳው ያው ቀዳዳ ነው፤ ግን ግፊት ሲቀንስ የሚወጣው ይቀንሳል። ይሄ የታወቀ ነው፣ መጽሐፍ ላይ አለ።»

«እንዴታ።»

«ደምም በግፊት ነው የሚሄደው። አይደለም?»

«ነው።»

«ስለዚህ በሙከራው ቀን ግፊቴ ዝቅ ያለ ከሆነ የሚሾልከው ያንሳል። ሃያ አይደርስም።»

እዚህ ላይ እውነቱን መጻፍ አለብኝ። ነገሩ ደስ አለኝ። ሐኪሞች ያልደረሱበትን አንድ ቧንቧ አድማጭ ከሥራው ተነስቶ ደረሰበት ብዬ ልቤ ሞቀ። ዕድሜዬን ሙሉ ወጣቶችን ከሚታወቀው ተነስታችሁ ወደማይታወቀው ሂዱ እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። «በአመክንዮ ረገድ ስህተት አይታየኝም» አልኩት። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። ግፊቱን በምን ሊቀንሰው እንዳሰበ ግን አልጠየቅሁትም፤ ፍልስፍና ስንማር «በምን?» የሚለውን ጥያቄ ለመሐንዲሶች ትተንላቸው ነበር።

ለካ ሙከራው ሁለት ቀን ሲቀረው ውሃ መጠጣት አቁሟል። በዚያ ላይ የእህቴን የደም ግፊት ክኒን ከመሳቢያዋ እያወጣ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ይውጣል። በሙከራው ጠዋት ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ እንደ ልማዱ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና ከሦስተኛው በር ፊት ለፊት ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ወረደ። እህቴ ስትጮህ ኮሪደሩ በሰው ተሞላ። ከንፈሩ እንደ አሮጌ ኖራ ተሰነጣጥቋል።

ደም ተወሰደ፣ ግሉኮስ ተሰቀለለት። ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ ስትመጣ ከፀጉሯ ላይ እርሳሱን መዝዛ እንደ ዱላ ይዛዋለች።

«ኩላሊትዎ ደርቋል! ደም ሥሩ በፎቶ እንዲታይ የምሰጠው ማቅለሚያ ፈሳሽ እንዲህ ያለ ኩላሊት ላይ ቢገባ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ? ማን ነው ውሃ አይጠጡ ያለዎት?»

«ግፊት ሲቀንስ የሚያፈሰው ይቀንሳል ብዬ ነው» አለ ጆሮ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰክቶ።

ሐኪሟ አፏን በእጇ ያዘች። መቆጣትና መሳቅ ተጋፉባት። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ይስሙኝ። እርስዎ ጋ ያለው የተበሳ ቧንቧ አይደለም። እጢው ራሱ ነው መንገድ የሚሠራው፤ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር በአቋራጭ ያገናኘዋል። እኔ የምለካው ከገባው ስንት እጅ በአቋራጩ እንደሄደ ነው። ግፊቱ ቢቀንስ የሚገባውም የሚሾልከውም አብሮ ይቀንሳል፤ ድርሻው ያው ነው። ገባዎት?»

ገባው። ከፊቱ አየሁት፤ ከእኔ ቀድሞ ገባው። «ድርሻ» አለ ለራሱ፣ «ድርሻ ነው እንጂ መጠን አይደለም።» እኔ ያንን ማየት የነበረብኝ ሰው በሩ ላይ ቆሜ የጫማዬን ጫፍ አያለሁ።

ቀጠሮው ሦስት ሳምንት ተገፋ። ኩላሊቱ እስኪያገግም፣ የካሜራው ተራ እስኪደርስ፣ ለሙከራው የሚለቀቀው ነገር እንደገና እስኪታዘዝ። እህቴ ያን ጊዜ ከእኔም ከእሱም ጋር አትነጋገርም ነበር ማለት ይቀላል፤ ስትነጋገር ግን የባሰ ነው።

«አንዱ በጆሮው ያስባል፣ ሌላው ጭራሽ አያስብም! ጋሼ፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብከው ለዚህ ነው? ‹ስህተት አይታየኝም!› ዓይን የሌለው ሰው ምን ይታየዋል?»

«እሱን ተይው፣ እሜቴ፣ እኔ ነኝ…»

«አንተማ ዝም በል። የሰው ክኒን ሌባ!» ትላለች፤ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ፊቱ ታስቀምጥና እስኪጨርሰው ቆማ ትጠብቃለች። በቀን ስምንት ብርጭቆ። አንዳንዴ ሲጠጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች፤ ለምን እንደምታዞር ሁለታችንም እናውቃለን።

እነዚያ ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። እኔ ራሴ እግሬ አልረጋ ብሎ አብሬው መሄድ ጀመርኩ። ስንሄድ አይናገርም፤ አንዳንዴ ድንገት ቆም ብሎ እጁን ጎድኑ ላይ ያሳርፋል፣ አንገቱን ያዘነብላል፣ ከዚያ ይቀጥላል። «ያድጋል አይደል፣ ጋሼ? እኛ ቀጠሮ ስንጠብቅ እሱ ቀጠሮ አይጠብቅም» አለኝ አንድ ቀን። ከእነዚያ ቀናት ወዲህ አመክንዮ የሚለውን ቃል አፌ ላይ ሳገኘው እንደ ፀጉር ነው የሚተናነቀኝ።

ሁለተኛው ሙከራ ተሳካ፤ ማለቴ በደንብ ተሠራ። ቱቦው ገብቶ ከወጣ በኋላ እግሩን ቀጥ አድርጎ ስድስት ሰዓት መተኛት ነበረበት፣ አለዚያ ብሽሽቱ ላይ ይደማል። ጆሮ በሕይወቱ ስድስት ሰዓት በጀርባው ተኝቶ አያውቅም። እህቴ ጉልበቱ ላይ እጇን ጭና ተቀመጠች። የግራ እግሩ አውራ ጣት ብቻ ስድስቱንም ሰዓት ሲንቀሳቀስ ዋለ።

በማግስቱ ሐኪሟ ወረቀቱን ይዛ መጣች። ቆማ አልተናገረችም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ያኔ አወቅን።

«ሃያ ዘጠኝ» አለች።

«ከመቶ?»

«ከመቶ። በዶቃ አንችልም።»

ጆሮ እየዞረ ሁለታችንንም አየን። ከዚያ የጠየቀው ጥያቄ፣ ሌት ተቀን ሲያኝከው የነበረው መሆኑን ከድምፁ አወቅሁ። «ያን ጊዜ ቢለካ ስንት ይሆን ነበር? በመጀመሪያው ቀን?»

«አላውቅም።»

«ሃያ ይሞላ ነበር?»

«አላውቅም። ምናልባት ያን ጊዜም ሃያ ስምንት ነበር። ምናልባት አሥራ ዘጠኝ ነበር። ይህንን ማንም ሊነግርዎ አይችልም፣ እኔም አልዋሽዎትም።»

ሐኪሞች ውሸትን ቢማሩ ኖሮ ይሻለን ነበር ብዬ አሰብኩ። ግን ወዲያው እርሳሷን አውጥታ ሌላ ወረቀት ላይ ትስል ጀመር፤ ያ ያልሰማው መንገድ። በጎድን አጥንቶቹ መካከል፣ በሲቲ ስካን እያዩ፣ ቀጫጭን ቱቦዎችን እስከ እጢው መሐል ድረስ ይሰካሉ። ቱቦዎቹ ከማሽን ጋር ይያያዛሉ። በቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ ያለች የሩዝ ፍሬ የማታህል ጨረር የያዘች ነገር በየቱቦው ትገባለች፣ እየቆመች ታቃጥላለች፣ ትወጣለች። ምንም አይቀርም፤ በደም ሥር ስለማትሄድም ወደ ሳንባ የሚሾልክ ነገር የለም።

«ከመስመሩ ውጭ ቆፍሮ መግባት ነው» አለ ጆሮ።

«ልክ ነዎት።»

«ይሄን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ኖሮ።»

«ነግሬዎት ነበር» አለች ሐኪሟ። እህቴ ማስታወሻ ደብተሯን ገልጣ ገጹን አሳየችው፤ ቀኑም ሰዓቱም ተጽፏል። ያን ያህል ዓመት ሲኖሩ እሱ አንድ ነገር ሳይሰማ ሲቀር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ውጤቱን አስቀድሜ ልናገር፤ የሰው ልብ ማንጠልጠል በእኔ ዕድሜ ነውር ነው። ሕክምናው ሠርቷል። በሦስተኛው ወር ፎቶው ላይ እጢው መሐሉ ጠቁሮ፣ የጡጫ ያህል የነበረው የእንቁላል ያህል ሆኖ ታየ። ጆሮ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ መለሰ። መሥሪያ ቤቱ ዘንግ የሚይዝ ሰው አያስፈልገኝም፣ መሣሪያ ገዝቻለሁ ብሎ ቢሮ አስቀመጠው፤ እሱ ግን በዚያ ቢሮ ውስጥ ወንበር አልያዘም። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ኖረ። ከዚያ በጉበቱ ሌላ በኩል፣ ማንም መርፌ ሊያስገባ በማይችልበት ቦታ፣ ሌሎች አምስት እጢዎች ወጡ። የሞተው በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ እህቴ አንድ እጁን፣ እኔ ሌላውን ይዘን። ያ ሦስት ሳምንት ባይባክን፣ ዶቃዎቹ ቢሰጡት ኖሮ ስንት ዓመት ይሆን ነበር? ሐኪሟ እንዳለችው ይህንን የሚነግረኝ የለም። ስለዚህ ራሴን እጠይቃለሁ፣ ራሴ እመልሳለሁ፣ መልሱን አልቀበለውም፣ እንደገና እጠይቃለሁ።

ያም ቢሆን ይለመዳል። ያልለመድኩት ሌላ ነው፤ ያ የመርፌ ሕክምና የተሰጠው ቀን የሆነው።

ቱቦዎቹ አምስት ነበሩ። ከቀኝ ጎኑ ወጥተው በፕላስተር ተይዘዋል። ሕመሙን የሚያደነዝዝ መርፌ ወስዷል፣ ግን ነቅቷል፤ ቃሉ ትንሽ ይጎተታል እንጂ ሐሳቡ አልተጎተተም። በተሽከርካሪ አልጋ ወደ አንድ መስኮት የለሽ ክፍል ወሰዱት። በሩ ውፍረቱ ስንዝር ተኩል ይሆናል፤ በሞተር ነው የሚንቀሳቀሰው። ኮሪደሩ ጫጫታ ነበረው፤ እዚያ ክፍል ስትገባ ግን ጆሮህ ውስጥ ጥጥ የተወተፈ ይመስልሃል። ግድግዳው ድምፅ አያሳልፍም። ከጎኑ፣ ከታች፣ ከላይ ምንም የሚሄድ ቧንቧ የለም። ጆሮ ወዲያው አወቀው፤ ዓይኑ ፈጠጠ።

የጨረር ቴክኒሻኑ የማሽኑን ሽቦዎች ከቱቦዎቹ ጋር እያያዘ ደስ በሚል አነጋገር አስረዳ። «ፋዘር፣ ሃያ ስድስት ደቂቃ ነው። አይንቀሳቀሱ። ካሜራ አለ፣ ማይክ አለ። እናይዎታለን፣ እንሰማዎታለን።»

«እናንተ ትሰሙኛላችሁ» አለ ጆሮ። «እኔ ማንን ልስማ?»

«ሙዚቃ ልልቀቅልዎት?»

«ሙዚቃ አልፈልግም። ሰው ይቀመጥልኝ።»

«እኔ እቆያለሁ» አለች እህቴ ወዲያው። «ስድሳ ሊሞላኝ ነው፤ ምን ይጎዳኛል? ከእንግዲህ አልወልድ!»

ቴክኒሻኑ ሳቀ። «እትዬ፣ በሩ ሳይዘጋ ማሽኑ ራሱ አይነሳም። ሰው ውስጥ አስቀምጬ ብዘጋው ደግሞ ነገ እኔ እዚህ የለሁም።»

ጆሮ ወደ ሐኪሟ ዞረ፤ አንገቱን ሳይሆን ዓይኑን ብቻ። «ዶክተር ልጄ፣ አንቺ ታዢያለሽ።»

ትከሻው ላይ እጇን አሳረፈች። «ይህንን እኔም አላዝም» አለች። እጇን ቶሎ አላነሳችም።

ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ መጣ። «ጋሼ፣ እርስዎስ?»

ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሚስቴን ቀብሬያለሁ፣ ልጆቼ ራሳቸውን ችለዋል፣ ሃያ ስድስት ደቂቃ ጨረር ከእኔ የሚወስደው ብዙ ነገር አልነበረም። «ልቆይ» ማለት እችል ነበር፤ እንደማይፈቀድ እያወቅሁም ቢሆን ማለት እችል ነበር፣ እህቴ እንዳለችው። ቃሉን ብቻ ነበር የጠየቀኝ። እኔ ግን ቀና ብዬ ቴክኒሻኑን አየሁት፤ እሱ እንዲመልስልኝ። መለሰልኝም፤ «ለማንም አይቻልም፣ ፋዘር።» በዚያች ቅጽበት ያን ልጅ ምን ያህል እንዳመሰገንኩት እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ወጣን። በሩ እያጉረመረመ መዘጋት ጀመረ። እኛ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ገባን፤ ትንሽ ስክሪን ላይ በጀርባው ተንጋሎ ይታያል፤ የግራ አውራ ጣቱ ይንቀሳቀሳል። በሩ ሊገጥም አንድ ጣት ሲቀረው ድምፁ በማይኩ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ለማንኛችን እንደሆነ ሳይለይ፦

«ጥግ ላይ ይቀመጥ። አያናግረኝ፣ እጄን አይያዘኝ። ሲተነፍስ ብቻ ልስማው። ማንም ይሁን። አንድ ሰው።»